ሂቢስከሱን በየሳምንቱ አትከርክሙት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር ውስጥ በየግቢው አጥር ሥር ያለው ሂቢስከስ ለምን ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ ለምትሉ፣ ጥፋቱ የመቀሱ ነው። ይህ ተክል የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ጫፉ ብቅ ባለ ቁጥር ቀጥ ያለ ግድግዳ ይምሰል ብለን እንላጨዋለን፤ እምቡጡም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ «ዘሩ ጥሩ አይደለም» ይባላል። ኧረ ዘሩ ምን አደረገ?

ጠበቅ ያለው ቆረጣ በዓመት አንዴ ይበቃል። ለእኛ ከተማ ግንቦት ጥሩ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ በዝናቡ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። መጀመሪያ የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ አውጡ፣ ከዚያ ከቀረው ሲሶውን ያህል ቀንሱ፤ ስትቆርጡም ወደ ውጭ ከሚያይ አንጓ ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ በሰላ መቀስ ይሁን። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ መቀሱን በአልኮል ጥረጉት፤ በሽታ ያጋባል።

ማዳበሪያ ላይ እጃችሁ አይፍጠን። ከእርሻ የተረፈ ዳፕ አለኝ ብሎ ጣሳ ሙሉ የሚደፋ ሰው አለ። ዳፕ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፣ ሂቢስከስ ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛበት አይስማማውም። የበሰበሰ ፍግ ይሻለዋል። ቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ በሳሙና ውኃ እጠቡት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ በኅዳር ብርድ ቅጠሉ ቢረግፍ ቶሎ አትንቀሉት። መጀመሪያውኑ ስትተክሉት ፀሐይ የሚያገኝበት ግድግዳ ጥግ ይሁን፣ እስኪሞቅ ድረስም መቀስ አታስጠጉት።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር