ግማሽ ፐርሰንቷስ የት ሄደች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መዝናኛ ገጻችሁ ላይ ስለ እንግሊዛዊቷ ተዋናይትና ጸሐፊ ስለ ሚካኤላ ኮል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ። አንዴ ደግሞ ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። ስለሷ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ደስ ይላል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ሁለት ቦታ ላይ ቆረቆረኝ። “በአንድ ሌሊት ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን ያደገች” ብላችኋታል። ዝቅ ብላችሁ ደግሞ “አንድ ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም ያለች” ብላችሁ በደማቁ ጽፋችኋል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ግን ገለባውን ይዛችሁ ፍሬውን ጥላችሁታል።

ከሌሊቷ ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ሚካኤላ በ1987 ለንደን ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ጋናውያን ናቸው። እሷንና እህቷን ያሳደጉት እናታቸው ብቻቸውን ናቸው። ምሥራቅ ለንደን፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት፣ አፍንጫው ሥር የባንኮች ሕንፃ የተገተረበት ሰፈር። እኔም ለሥራ በዚያ በኩል ስለምመላለስ አካባቢውን አውቀዋለሁ። በአንድ በኩል ክራባት ያሰረ ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ይሮጣል። በሌላው በኩል በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። መሃላቸው ያለው አንድ መንገድ ነው።

ተዋናይ ከመሆኗ በፊት ገጣሚ ነበረች። በጴንጤቆስጤ እምነቷ የጸናች ወጣት ሆና ግጥሟን በየመድረኩ ታነብ ነበር። በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ገብታ አቋርጣ ወጣች። ከዚያ በ2009 ጊልድሆል የሚባለው የለንደን የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ተቀበላት። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ነበረች። አምስት ዓመት! መሃል ለንደን ላይ! እዚያ ያገኘችው ጓደኛዋ ፓፓ ኤሲየዱም የጋና ዘር ያለው ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል አንድ ተውኔት ጻፈች። “ቹዊንግ ጋም ድሪምስ” ይባላል፣ የማስቲካ ሕልሞች እንበለው። ትሬሲ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። በ2012 ሃክኒ ዊክ ውስጥ፣ መጋዘን የነበረ ቤት ተለውጦ በተሠራው ያርድ ቴአትር ታየ። ጸሐፊዋም ተዋናይዋም እሷ ብቻ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ትልቁ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ወሰደው። ወሰደው ሲባል ግን ወደ ዋናው አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። ያኔ ከቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከዋናው ሕንፃ አጠገብ፣ ለጊዜው የቆመ ቀይ የእንጨት ቤት ነበራቸው። እዚያ ነው ያስገቧት።

እኔም ያየኋት እዚያ ነው። የሌሊት ፈረቃ ከመግባቴ በፊት ርካሽ ትኬት ቆርጬ፣ የዩኒፎርም ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ስሟንም አላውቀውም ነበር። መድረኩ ላይ ሌላ ሰው የለም። አንገቷን ዘወር ስታደርግ ሌላ ልጅ ሆነች። ትከሻዋን ስትጥል ወንድ ልጅ ሆነች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ የትሬሲ ጓደኛ ነገር መጣ፤ ፍቅረኛዋ ስለሚመታት ልጅ። ሳቁ አፋችን ላይ እንዳለ ደረቀ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት፤ እስኪያልቅ አልለቀቁትም። አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ቴአትር ነው። ሥራ ገብቼ ወለሉን ስወለውል ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ስለዚህ ውድ አዘጋጅ፣ “ያደገች” የምትለው ቃል አልተስማማችኝም። መድረክን መዋዕለ ሕፃናት፣ ቴሌቪዥንን ዩኒቨርሲቲ ታስመስላለች። በ2015 ኢ4 በሚባለው ጣቢያ “ቹዊንግ ጋም” ተብሎ ድራማው ሲጀምር ምን ሆነ? የ14 ዓመቷ ትሬሲ 24 ሞላት። ብቻዋን ስትጫወታቸው የነበሩት ሰዎች አሁን ሌሎች ተዋንያን ተሰጣቸው። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ትሬሲ በጨዋታው መሃል ፊቷን ወደ ካሜራ አዙራ ታወራናለች። ያ የቴሌቪዥን ብልሃት አይደለም። ቀይዋ የእንጨት ቤት ውስጥ እኛን አይን አይናችንን እያየች ታደርገው የነበረው ነው። መድረኩን አልተወችውም፤ ተሸክማው ነው የገባችው።

የሌላዋን እንግሊዛዊት ተዋናይትና ጸሐፊ፣ የፊቢ ዋለር-ብሪጅን ታሪክም ብታዩት ተመሳሳይ ነው። “ፍሊባግ” በ2013 ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ የአንዲት ሴት ተውኔት ነበር፣ በ2016 የቢቢሲ ድራማ ሆነ። እሷም ካሜራ ካሜራውን እያየች ታወራለች።

በ2016 ሚካኤላ ባፍታ ከሚባለው የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለት ወሰደች፤ አንዱ በኮሜዲ ትወና፣ ሌላው ለአዲስ ተሰጥኦ የሚሰጠው። የጋና ኬንቴ ጨርቅ እናቷ ሰፍተውላት ለብሳ ነው የሄደችው። በአንድ የሽልማት ዝግጅት ላይ ከተሰጣት የስጦታ ቦርሳ ውስጥስ ምን አገኘች መሰላችሁ? ደረቅ ሻምፑ፣ ቆዳ የሚያጠይም ቅባት፣ እና ለፈረንጅ እንኳ የሚነጣ የፊት መቀቢያ (ፋውንዴሽን)። ይህን ራሷ ናት የተናገረችው፣ በ2018 ኤድንብራ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል ላይ። የማክታገርት ንግግር ይባላል። በየዓመቱ የቴሌቪዥኑ ዓለም ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው የሚያዳምጡት ነው። ያንን መድረክ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት።

በዚያው ንግግሯ ሌላም ነገር አወጣች። ቀረጻ ቦታ ላይ ጥቁር ተዋንያን አንዲት የተጎታች ቤት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ተቀምጠው፣ እንደነሱው ያለች ነጭ ተዋናይት ግን ለብቻዋ ተሰጥቷት እንዳየች። ደግሞም ከሁሉ የከበደውን ተናገረች። የ“ቹዊንግ ጋም”ን ሁለተኛ ምዕራፍ ስክሪፕት ለማድረስ ሌሊቱን ስትጽፍ አድራ ነበር። ትንሽ ለመተንፈስ ከጓደኛዋ ጋር መጠጥ ልትጠጣ ወጣች። ነፍሷን ስታውቅ ቢሮ ተመልሳ እየጻፈች ነው። መሃል ያለው ሰዓት የለም። ቀስ በቀስ ትዝ ያላት በማታውቃቸው ሰዎች መደፈሯ ነው። አዳራሹ ሙሉ የጣቢያ አለቃ ፊት ቆማ ይህን አለች። ጽሑፋችሁ ይህን በአንድ ሐረግ አልፎታል፤ በዚህ አልወቅሳችሁም፣ በጥንቃቄ ነው ያለፋችሁት።

አሁን ወደ ሚሊዮኑ ልምጣ።

ያ የደረሰባት ነገር የአዲሱ ድራማዋ መነሻ ሆነ። “አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ” ማለት ነው። በ2017 ኔትፍሊክስ፣ ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳየው የአሜሪካ ድርጅት፣ ለዚህ ድራማ አንድ ሚሊዮን ዶላር አቀረበላት። ሰው እዚህ ላይ “ኧረ እምቢ አለች!” ብሎ ያቆማል። እናንተም እዚያው ነው ያቆማችሁት። ግን ለምን? ውሉ የድራማው የቅጂ መብት ሙሉ በሙሉ ከእጇ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ነው። ከአንዲት የኔትፍሊክስ ኃላፊ ጋር በስልክ ተነጋገረች። ከመብቱ 5 ፐርሰንት ይቅርልኝ አለች። ከወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ከዚያ እኛ ዘንድ እንዲህ አይሠራም አሏት። እሺ 2። እሺ 1። በመጨረሻ ግማሽ ፐርሰንት።

ግማሽ! ከመቶ ብር ሃምሳ ሳንቲም ማለት ነው። የምታነጋግራት ሴትዮ አለቃዬን ልጠይቅ አለች። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ግን ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ፣ እንደኮራችባትና ትክክል እያደረገች እንደሆነ ነገረቻት። ይህን ሚካኤላ ራሷ በ2020 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ተናግራዋለች። ገንዘቡን ተቀበይ ብሎ ሲገፋፋት የነበረውን የአሜሪካ ወኪሏንም፣ ከዚያው ውል የጎን ጥቅም እንዳለው ስትደርስበት አሰናበተችው።

አንድ ሚሊዮኑን እምቢ ማለት ወሬ ይሆናል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግማሿ ናት። ግማሽ ፐርሰንት ለመብላት የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ልጅህን ለሰው ሰጥተህ “ስሙ እንኳ በኔ ይጠራ” እንደማለት ነው።

ይህ ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር ሳልመጣ አንድ የሬዲዮ ድራማ ጽፌ ነበር። አራት ክፍል፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በካርቦን ኮፒ። አንድ ጣቢያ ወሰደው። ትንሽ ብር ሰጡኝ፣ አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ፤ ወረቀቱን አላነበብኩትም። ከወራት በኋላ ከመገናኛ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወያላው ሒሳብ እየሰበሰበ፣ ሬዲዮው የኔን ቃል ያወራል። እናቴ የምትለው አባባል ሳይቀር አለበት። ተሳፋሪው ይስቃል። መጨረሻ ላይ የደራሲው ስም ተጠራ፤ የኔ አይደለም። “ወራጅ አለ” ብዬ ካሰብኩበት ቦታ ሳልደርስ ወረድኩ። ያን ቀን አንድ ሰው “ግማሽ ፐርሰንት ጠይቅ” ቢለኝ ኖሮ ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ሚካኤላ ግን ገብቷታል፤ ሄዳም አገኘችው። ድራማውን ይዛ ቢቢሲ ገባች። እነሱ መብቷንም፣ በአዘጋጅነቱ በኩል ድምፅ እንዲኖራትም ፈቀዱላት። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦም ተጨመረ። ከዚያ ምን አደረገች? ቁጭ ብላ ጻፈች። 191 ጊዜ እንደጻፈችው ተናግራለች። እኔ አንዱን የአራት ክፍል ድራማ ሦስተኛ ጊዜ ስገለብጥ እጄ ዝሎ ነበር።

ሰኔ 2020 ላይ ድራማው ታየ። 12 ክፍል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ዋና ተዋናይዋ እሷ፣ ጸሐፊዋ እሷ፣ ከሌላ ሰው ጋር ዳይሬክተሯም እሷ። ያ ከጊልድሆል ያልኳችሁ ፓፓ ኤሲየዱ ኳሜ የሚባለውን ጓደኛዋን ሆኖ ተጫወተ። በትምህርት ቤቱ ዘመን የደረሰባቸውን ዘረኝነት ሁለቱም ኋላ በአደባባይ ተናገሩ፣ ትምህርት ቤቱም ይቅርታ ጠይቋል። እንዲህ ዓይነት ጓደኝነት በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ጎልደን ግሎብ የሚባለው የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት በ2021 አንድም እጩነት አልሰጣትም፤ ብዙ ሰው ተንጫጫ። በዚያው ዓመት መስከረም ግን የትልቁን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የኤሚን፣ የጽሑፍ ሽልማት በአጭር ተከታታይ ድራማ ዘርፍ ወሰደች፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። መድረክ ላይ ወጥታ ከትንሽ ወረቀት ላይ አነበበች። ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ለጸሐፊዎች ነበር የተናገረችው። የሚያስፈራችሁን ጻፉ አለች። መታየት እንደ ስኬት በሚቆጠርበት ዘመን ለጥቂት ጊዜ ከሰው ዓይን መጥፋትን አትፍሩ፣ ዝምታው ውስጥ ምን እንደሚመጣላችሁ እዩ አለች። ሽልማቱን የፆታ ጥቃት ደርሶባቸው ለተረፉ ሁሉ ሰጥታ ወረደች። አለቀ።

ከዚያ ወዲያ “ብላክ ፓንተር” ሁለተኛው ላይ ታየች፣ ስሟ ይበልጥ ገነነ። ፎቶዋንም ከዚያ ፊልም ነው የወሰዳችሁት። ይሁን፣ ቆንጆ ፎቶ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን ድረ ገጻችሁ ላይ የምታርሙት ከሆነ፣ “በአንድ ሌሊት” የምትለዋን አውጧት። ግማሽ ፐርሰንቷን ደግሞ አስገቡልኝ። ቦታ ጠበበን ካላችሁ የሚሊዮኑን መስመር ቀንሱት።

አንባቢያችሁ፣
ከምሥራቅ ለንደን