ቅጂ አይደሉም፦ ስለ ኪንጋይት የድንጋይ ሕትመቶች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ካናዳ ሥነ ጥበብ ባወጣችሁት ጽሑፍ የኪንጋይት የድንጋይ ሕትመቶች (ድንጋይ ላይ ተቀርጸው በወረቀት የሚታተሙ ሥዕሎች) «የንድፍ ቅጂዎች» ተብለዋል፤ በምስሎቹ ግርጌም ንድፉን የሣለችው ሰዓሊ ስም ብቻ ሰፍሯል። ሁለቱም ሊታረሙ ይገባል። ሕትመቱን እንደ ቅጂ የሚቆጥር ሰው ከሰዓሊዋ ሌላ እጅ እንዳለበት አይታየውም።

ኪንጋይት፣ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ኬፕ ዶርሴት ትባል የነበረችው፣ በሰሜን ካናዳ በኑናቩት ግዛት ያለች የኢኑይቶች፣ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ፣ መንደር ናት። ካናዳዊው ሰዓሊ ጄምስ ሂውስተን ጃፓን ሄዶ ከእንጨት ሕትመት ሊቁ ኡንኢቺ ሂራትሱካ የቀሰመውን ሙያ ይዞ ከተመለሰ በኋላ፣ ከ1959 ጀምሮ የመንደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር በየዓመቱ አዲስ የሕትመት ስብስብ ያወጣል።

ሥራው የሚጀምረው ማኅበሩ ከሰዓሊዎች ከገዛቸው ንድፎች አንዱን በመምረጥ ነው። ድንጋዩ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይለሰልስና ነጭ ቀለም ይቀባል። ንድፉ በስስ ወረቀት ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ የሚሻገረው ተገልብጦ ነው፤ ካልተገለበጠ ወደ ቀኝ የምታይ ወፍ ታትማ ስትወጣ ወደ ግራ ታያለች። ከዚያ ቀራጩ መስመሩን ትቶ ዙሪያውን በመሮ ያነሣል። መሮው ስቶ አንዲት ቀጭን ላባ ከተገነጠለች መልሶ መለጠፍ የለም፤ ወይ ንድፉ እንደዚያው ይስተካከላል፣ ወይ ሌላ ድንጋይ ይፈለጋል።

አታሚው ቀለሙን በትንንሽ ሮለሮች ይቀባል፤ ሁለት ቀለም በአንድ ክንፍ ላይ ቀስ በቀስ የሚዋሐደው በእሱ እጅ ነው። ስሱን የጃፓን ወረቀት ያለብስና ከጀርባው በእጁ ያሻል። ቀለሙ ከበዛ ቀጫጭኑ ጎድጓዳ መስመር ይደፈናል፤ ካነሰ ሕትመቱ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ወረቀቱ ጥቂት እንኳ ከተንሸራተተ መስመሩ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ድንጋዩ እንደገና ይቀባል። አብዛኛውን ጊዜ 50 ከታተመ በኋላ ምስሉ ከድንጋዩ ላይ ይፋቃል። ታዲያ የቱ ነው ዋናው፣ የቱስ ቅጂው? የኪንጋይቷ ሰዓሊ የኬኖጁአክ አሼቫክ ዝነኛ የጉጉት ሥዕል (1960) ግማሹ በቀይና ጥቁር፣ ግማሹ በአረንጓዴና ጥቁር የታተመ ሲሆን፣ ሁለቱም እኩል ዋና ሥራዎች ናቸው።

በሥራው ከሰዓሊዋ ሌላ እጅ እንዳለበት ማኅበሩ ከመጀመሪያው ያውቃል። በቀደሙት ዓመታት ሕትመቶች ጠርዝ ላይ የሰዓሊውና የቀራጩ ስም በትንንሽ ማኅተም በኢኑይት ፊደል ተመቷል። (ያ ፊደል ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይሆንም፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ይይዛል፤ አናባቢው ሲለወጥ ምልክቱ ይዞራል።) ከሥሩ በእርሳስ ርእሱ፣ የአሠራሩ ዓይነት፣ እንደ 12/50 (ከ50ው 12ኛው) ያለ ቁጥር፣ ቦታው፣ ዓመቱና ፊርማው ይጻፋል። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ይመልከት። ፍሬም አስገቢው ጠርዙን ቆርጦ እንዳይጥለው ወይም በካርቶን እንዳይሸፍነው ያስጠንቅቅ። ስኮች ፈጽሞ አይነካው፤ ሙጫው ስሱን ወረቀት ዘልቆ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ከጀርባ ካርቶኑ ጋር የሚያያዘው በጃፓን ወረቀት ቁራጭና በስንዴ ሙጫ ነው። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም ይራቅ፤ ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ ብርሃኑን በ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) የሚገድቡት ቀለሙ አንዴ ከደበዘዘ ስለማይመለስ ነው።

ሌላው የጽሑፉ ችግር «ዘመናዊ» ሰዓሊዎችንና ነባር ሕዝቦችን በሁለት ረድፍ መለየቱ ነው። አኒ ፑቱጉክ በባለቀለም እርሳስ የሣለችው ማዕድ ቤትና ቴሌቪዥን ያለበትን የኪንጋይት ቤት ነበር፤ በ2006 ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚሰጠውን የካናዳን የሶቢ ሽልማት አሸንፋለች። ዘመናዊነት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ከቶሮንቶ በስተ ሰሜን ክላይንበርግ የሚገኘው የማክማይክል ስብስብ፣ ሙዚየም ነው፣ «የሰባቱ ቡድን» የተባሉትን የካናዳ ሰዓሊዎች የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ከኢኑይትና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ሥራዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የኪንጋይት የወረቀት ሥራዎችም በአደራ የተቀመጡት እዚያው ነው። ቶሮንቶ ያሉ አንባቢዎቻችሁ ሄደው ቢያዩ ልዩነት መኖር አለመኖሩን ራሳቸው ይፈርዳሉ።

ስለዚህ በእርማታችሁ «ቅጂ» የሚለው ቃል ወጥቶ «የድንጋይ ሕትመት» ይባል፤ በየምስሉ ግርጌም ከሰዓሊዋ ስም ቀጥሎ የቀራጩና የአታሚው ስም፣ ዓመቱና የሕትመቱ ቁጥር ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር