የሸማው ክር ምን እንደሆነ ለገዢ ይነገር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዓል በቀረበ ቁጥር ስለ ሐበሻ ቀሚስ ዋጋ ብዙ ይባላል፤ ጨርቁ ከምን ክር እንደተሠራ ግን የሚጠይቀውም የሚናገረውም ጥቂት ነው። የቤተሰቤን ቀሚስ ለዓመታት በቤቴ ስሰፋ የኖርኩ እናት በመሆኔ፣ ይህ ጉዳይ በተለይ እንደ እኔ ቤታቸው ለሚሰፉ ሰዎች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላስረዳ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ለልጄ ቀሚስ ለመስፋት፣ ‹‹ንጹሕ ጥጥ ነው›› የተባልኩትን ጨርቅ ከነጥለቱ ገዛሁ። የጥጥ ሸማ ውኃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ፣ እንደ ልማዴ ሳልቆርጠው በፊት ነክሬ አሰጣሁት፤ ይህኛው ግን ምንም አልተሰበሰበም። መጠርጠር ነበረብኝ፤ ሆኖም በዓሉ ስለ ተቃረበ ሥራዬን ቀጠልኩ። ወገቡን ገጥሜ፣ እጅጌውን አስገብቼ፣ የታችኛውን ጫፍ በእጄ ቀምቅሜ ከጨረስኩ በኋላ ካውያ ሳሳርፍበት ጥለቱ ተኮማትሮ ከካውያው ጋር ተጣበቀ። የሦስት ሳምንት የማታ ሥራዬ በዚያች ቅጽበት ጠፋ፤ ልጄም በዓሉን በአሮጌ ቀሚሷ አሳለፈች።

የፋብሪካ ክር በሸማ ውስጥ መግባቱን የምቃወም አይደለሁም። ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው ክር) በእንዝርት የተፈተለ ሆኖ መሠራቱ የቆየና የታወቀ አሠራር ነው። የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ክር የሚወድም፣ ዋጋው የሚስማማውም ሰው ይኖራል፤ ዐውቆ ከገዛው መብቱ ነው። እኔን ያሳዘነኝ የክሩ ማንነት መደበቁ ነው።

ቤቷ የምትሰፋ ሴት ቢበላሽባት የምትተካበት ትርፍ ጨርቅ የላትም። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እየወረወረ ስለሚሠራ የሸማው ስፋት ከክንዱ መድረሻ አያልፍም፤ ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቆችን ጎን ለጎን በመግጠም ነው፤ በመጋጠሚያውም ላይ የጥለቱ ቅርጽ ከጥለቱ ጋር መግጠም አለበት። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ እንጂ ኋላ የተለጠፈ ስላልሆነ፣ በስሕተት የተቆረጠ ወይም የቀለጠ ጥለት አይጠገንም። የዶርዜ ሸማኔዎች የሽመና ጉድጓዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀናት የሚፈጁበት ጥበብም አብሮ ይበላሻል፤ ከልብሱ ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመግዛቴ በፊት ከጨርቁ ጫፍ ክር እየመዘዝኩ አቃጥላለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው። ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ደረቅ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ከድሩም፣ ከማጉም፣ ከጥለቱም ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል፤ የእኔ ስሕተት የጨርቁን መሬት (ጥለት የሌለበትን ክፍል) ብቻ ዐይቼ ጥለቱን አለመመርመሬ ነበር።

ነገር ግን እያንዳንዱ ገዢ ክብሪት ይዞ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሊወጣ አይገባውም። ነጋዴዎች በሚሸጡት ጨርቅ ላይ የድሩን፣ የማጉንና የጥለቱን ክር ከርዝመቱ ጋር የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ቢያያይዙ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በእጅ የተፈተለውን በትክክል የሚሸጡትም ለድካማቸው የሚገባውን ዋጋ ለመጠየቅ ይመቻቸዋል። ጋዜጣችሁም ሸማኔዎቹንና ፈታዮቹን ራሳቸውን አነጋግሮ ስለ ክሩ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ