ደብዳቤ ለልጄ፦ ወደ ባሌ ከመውጣትሽ በፊት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ሰሞኑን ተሽሎታል። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ወንድምሽ ነገረኝ። እንዳትቆጪው፤ አጥብቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሱባ ጫካ ከጓደኞችሽ ጋር ያደራችሁ ጊዜ የተዋስሽው ስሊፒንግ ባግ ረጥቦ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ አነጋሽው አሉ። ከዚያ ነው ያ ሳል የመጣው። ለእኔ «ጉንፋን ነው» ነበር ያልሽኝ። ይሁን፣ አንድ ሌሊት ነውና አለፈ። ሱባ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ጠዋት ተሳፍረሽ ቤትሽ ገባሽ፣ ደረቅ ልብስ ቀየርሽ፣ ሻይ ጠጣሽ። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ግን እንዲህ የለም።

አሁን ሐምሌና ነሐሴን እዚያ ልትከርሚ ነው። ፍልፈል ልትቆጥሪ። ጎረቤት ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን ኮርቻለሁ። ያ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም እንደሌለ፣ ቀይ ቀበሮውም እሱን እያደነ እንደሚኖር ለሁሉም አስረድቻለሁ። በ2016 መስከረም ላይ ዩኔስኮ ባሌን በዓለም ቅርስነት መዘገበው ሲባል በቴሌቪዥን እያየሁ ዝም ማለቴን ታስታውሻለሽ። «እማዬ ምን ሆንሽ?» ብለሽኝ ነበር። ዛሬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህን ያዢ። በእርጥብ ካልሲ ስሊፒንግ ባግሽ ውስጥ እንዳትገቢ። ቢደክምሽም፣ እጅሽ ቢደነዝዝም፣ ሰው እየጠበቀሽ ቢሆንም አውልቀሽ ግቢ።

ቦታውን አውቀዋለሁ። አምባው 4000 ሜትር ገደማ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4377። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ያ ብርድ ይነክሳል፣ ግን ደረቅ ነው። የክረምቱ ሌላ ነው። ሙቀቱ ያን ያህል ላይወርድ ይችላል፤ ጉሙ ግን ጅብራውን ውጦ ይውላል። ካፊያው ያባራል ስትዪ ይመለሳል። ወደ ሐረና ስትወርጂ ደግሞ ዝናቡ ቆሞ እንኳ ጫካው ያንጠባጥባል። እዚያ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ዕድል ነው። ድንኳንሽ ውስጥ ጠዋት ስትነቂ ግድግዳው በውስጥ በኩል ይረጥባል። ዝናብ አይደለም፣ የራስሽ ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ አክስትሽ ከሲያትል ስትመጣ የምታመጣልሽን ስሊፒንግ ባግ እኔ ልምረጥ። የላክሽልኝን ሁለት ፎቶ አይቻለሁ። አረንጓዴው የዝይ ላባ ነው። ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ ሲጠቀለል ቦርሳሽ ታች ጥጉ ላይ ይገባል። ሰማያዊው ፖሊስተር ነው። ግማሽ ኪሎ ይጨምራል፣ ሲጠቀለልም ወፈር ይላል። አንቺ አረንጓዴውን ወደሽዋል። ገብቶኛል። ፈረሱ እስከ ካምፑ ድረስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ በጀርባሽ ነው የምትሸከሚው። ከላባ የሚቀልና የሚታመቅ የለም፤ ይህን አልክድም።

ግን ስሚኝ። የሚያሞቅሽ ላባው ራሱ አይደለም፣ ላባው ነፍቶ የሚይዘው አየር ነው። ለበዓል ዶሮ የፈላ ውሃ ውስጥ ስንነክራት ያ ሁሉ ላባ እንዴት ቆዳዋ ላይ እንደሚጣበቅ አይተሻል፤ ራስሽ ነጭተሻል። የዝይውም ላባ ሲርስ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ይጣበቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ በእጅሽ የቀረው እርጥብ ጨርቅ ነው። ፖሊስተሩ ግን ክሩ ውሃ አይጠጣም። ቢረጥብም ቅርጹን ብዙ አይለቅም፤ ታራግፊዋለሽ፣ ትጨምቂዋለሽ፣ ምቾት ባይኖረውም ያሞቅሻል። ቶሎም ይደርቃል።

አክስትሽ «አሁን ውሃ እንዳይገባው የታከመ ላባ አለ» ትልሻለች። አለ፣ እውነቷን ነው። ካልታከመው ይሻላል፣ እርጥበቱን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል። ለሁለት ሦስት ሌሊት ብትወጪ ኖሮ እሱን ግዢ እልሽ ነበር። አንቺ ግን ለሁለት ወር ነው። ሰው የሚረሳው ከውስጥ የሚመጣውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሰውነትሽ እርጥበት ይወጣል፣ መሙያው ውስጥም ገብቶ ይቀራል። ጠዋት ፀሐይ ካለ ታሰጪዋለሽ፣ ያልቃል። ፀሐይ ከሌለ ማታ የተኛሽበት እርጥበት ላይ የዛሬው ይደረባል፣ በነጋታውም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ ላባው ከሳ ማለት ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ይሁን። ግማሽ ኪሎውን ከሌላ ነገር ቀንሺ። ያ ፀጉር ማድረቂያ መሄድ አለበት? መብራት በሌለበት!

እንዲቀልሽ ከፈለግሽ በሌላ መንገድ ነው። ቁመትሽ ከእኔ አያልፍም፤ ለረጅም ሰው የተሠራ አትግዢ። ትርፉ ጨርቅ ክብደት ነው፣ እግርሽ ሥር ያለውን ባዶ ቦታም አንቺ ነሽ የምታሞቂው። ትከሻው ሰፋ፣ ወደ እግር ጠበብ ያለው፣ ኮፍያ ያለው ይሁን። ዚፑ እስከ ግማሽ ቢሆን ይበቃል። ከዚፑ ጀርባ ነፋስ የሚከለክል የተሞላ ጨርቅ መኖሩን በእጇ ነክታ ታረጋግጥ።

ቁጥሩንም እንዳትሳሳቱ። የስሊፒንግ ባግ የሙቀት መለኪያው አይሶ 23537 ይባላል። ኮምፈርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ኮምፈርቱ በሴት ሰውነት የተሰላ ነው፣ ሊሚቱ በወንድ። ኤክስትሪም የሚለው ሞትን ለማምለጥ እንጂ ለመተኛት አይደለም። ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው ሊሚቱ ነው። አንቺ ኮምፈርቱን ብቻ እዪ። ከዜሮ በታች 5 ይሁንልሽ። አክስትሽ አገር በፋራናይት ነው፤ 23 በያት።

እንግዲህ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

1978 ዓ.ም. ነው። አዲስ የተመረቅሁ ነርስ ነበርኩ፣ ለክትባት ዘመቻ ከጎባ ወደ ላይ ወጣን። አንድ ጤና ረዳት አብሮኝ ነበር፣ የመንዝ ልጅ፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የሚያንስ። በፈረስ ነበር የምንሄደው። አምባው ላይ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ያዘን። አንድ ጅረት ስንሻገር ብርድ ልብሳችንን የጫነው ፈረስ ተንሸራቶ ወደቀ። ክትባቱ በሌላኛው ፈረስ ላይ ነበርና ተረፈ። የእኛ ግን ያልረጠበ ነገር አልነበረም። ጋቢዬን ሳነሳው ከብዶ መሬት ይጎትታል፤ የጥጥ ነገር ታውቂዋለሽ። የእሱ ባና ብቻ ነበር ተስፋ ያለው። እናቱ ከራሳቸው በጎች ሱፍ ፈትለው ያሠሩለት ነው። ግራና ቀኝ ይዘን ጨመቅነው። ከዚያ ምንም ሳይለኝ እኔ ላይ ጣለው። «አንተስ?» ስለው «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ይህቺ ምን አላት» አለኝ።

እርጥብ ሱፍ ይከብዳል፣ ይሸታልም፤ ግን ያሞቃል። ያን ለት ነው ያወቅሁት። ሲመሽ የአንድ አርብቶ አደር ቤት አገኘን። እሳት አለ፣ ቦታ ሰጡን፣ ሁላችንም ባለንበት ወደቅን። እኩለ ሌሊት ላይ ነቃሁ። ሲንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ዝም ብሏል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው ጉዳዩ እንደከፋ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ስሙን ስጠይቀው ምላሱ ተሳሰረ። የቤቱን እመቤት ቀሰቀስኳት። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፣ እሷ አማርኛ አትችልም። አላስፈለገም። ወዲያው እግሩን ያዘች፣ መጀመሪያ ያወለቀችለት ካልሲውን ነው። እርጥቡን ካልሲ እንዳደረገ ነበር የተኛው! የእግሩ ቆዳ ነጥቶ ተሸብሽቦ ነበር። የረጠበውን ሁሉ ገፈፈችው፣ አደራረቀችው፣ በደረቅ ቆዳና ጨርቅ ጠቅልላ ከራሷ ልጆች መሃል አስተኛችው። መዋጥ ሲችል ትኩስ ወተት እየቀመሰ ጠጣ። ሊነጋ ሲል እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ በደስታ።

ዘመቻው ሲያልቅ እሱን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ላኩት። በድንገት ነበር። ባናው ታጥቦ ለመድረቅ እንደተሰጣ እኔ ቤት ቀረ። ሁለት ቦታ ደብዳቤ ጻፍኩለት። መንዝ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር። ያ ዘመን ሰው እንደ ወጣ የሚቀርበት ዘመን ነበር፣ አንቺ አልደረስሽበትም። ሳጥኑ ላይ የሚታጠፈው ጥቁር ባና እሱ ነው። ልጅ ሆነሽ ስትስቢው የምቆጣሽ ለዚህ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣል እያልኩ ነው። አሁን አርባ ዓመት ሆነው። ዛሬም በር ላይ ድምፅ ስሰማ... ይቅር፣ ትቼዋለሁ።

ባናውን ልስጥሽ አስቤ ነበር። ግን ብቻውን የቦርሳሽን ግማሽ ይሞላል፣ ተሸክመሽው አትወጪም። ያ ፖሊስተር ለአንቺ እንደ ባናው ይሁንልሽ፤ ረጥቦም አይከዳም።

አሁን እነዚህን ልብ በዪ። አብሮ የሚመጣውን መጠቅለያ አትመኚው፣ ውሃ ያስገባል። አፉ የሚጠቀለል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ይግዙልሽ፣ በዚያ ላይ በወፍራም ፌስታል ደርቢው። ፌስታል ርካሽ ነው፣ ሦስት አራት ያዢ። አምቀሽ የምትይዢው ስትጓዢ ብቻ ነው። ካምፕ እንደደረስሽ አውጥተሽ አራግፊው፣ እስክትተኚ ይንፋ። ቤት ስትመለሽም ታምቆ ወር እንዳይቀመጥ፣ መሙያው ይሞታል። ጠዋት ዝናቡ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ካባራ ገልብጠሽ አስጪው። የቀረው ሥራ ይቆይ።

አፍንጫና አፍሽን ወደ ውስጥ ከትተሽ እንዳትተነፍሺ። ሲበርድሽ እንደምትሸፋፈኚ አውቃለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። ትንፋሽሽ ውሃ ነው። ኮፍያ አድርጊ፣ ፊትሽ ውጭ ይቅር።

ከታች የሚነጠፈውን አትናቂው። ከሥርሽ ያለው መሙያ በክብደትሽ ይጨፈለቃል፣ ከመሬቱ ብርድ የሚያድንሽ ፍራሹ ብቻ ነው። ብርዱን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚነግርሽ አር ቫልዩ የሚባል ቁጥር አለው፣ ከ4 ያላነሰ ይሁን።

ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ! ምድጃም አይሆንም። ይህን ለጓደኞችሽም ንገሪ። ስንቱን ሬሳ አይቻለሁ፣ በነርስነቴ። ሙቀት ከፈለግሽ ትኩስ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊው። በስስ ፕላስቲክ አይሆንም፣ ይኮማተርና ያፈስብሻል። ከዚያ በኋላ ነው ጉድሽ።

ሳትበዪም እንዳትተኚ። ራትሽን ትተሽ ቆሎ ቆርጥመሽ ታልፊዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። በሶ ልኬልሻለሁ፣ ቅቤ የገባበት ነው። የባዶ ሆድ ሰው የቱንም ቢደርብ አይሞቀውም።

ጓደኛሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ቆይቶም ዝም ካለና ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ይተኛ ብለሽ አትተዪው። እርጥቡን አውልቂለት፣ ከካልሲው ጀምሪ። አንቺም እንዲሁ፤ ካልሲ ልጄ፣ ካልሲ።

ለአክስትሽ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደውዪላት፣ እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ሥራ ሳትገባ ታገኛታለሽ። ሰማያዊው፣ አጭሩ ቁመት፣ ኮምፈርት 23 ፋራናይት በያት። የገንዘቡን ነገር እኔና እሷ ተነጋግረናል፣ አንቺ አትግቢበት። ከጎባ ስትነሺ አንድ ጊዜ፣ ኔትወርክ ባገኘሽ ቁጥር ደግሞ አንድ ጊዜ መልእክት ላኪልኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ ይበቃል። ከበሶው ጋር አራት ጥንድ የሱፍ ካልሲ በወንድምሽ ልኬያለሁ። ቀዩን ጥንድ ፌስታል ውስጥ ለብቻው አስቀምጪው፤ ለእንቅልፍ ብቻ ነው፣ ቀን ጫማ ውስጥ እንዳታደርጊው።

እናትሽ