ስንት ቮልት ላድርገው ለምትሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ሰሞኑን ሰው ሁለት የብር ሽቦና አሮጌ ቻርጀር ይዞ ይመጣና «ኮሎይዳል ሲልቨር ቤት ልሠራ ነው፣ ስንት ቮልት ላድርገው?» ይለኛል። ኮሎይዳል ሲልቨር ማለት ደቃቅ ብር የተበተነበት ውሃ ነው፤ ለጉንፋን፣ ለጨጓራ፣ ለታይፎይድ ሊጠጡት ነው። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ ለሁሉም ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ወሳኙ ቮልቱ ሳይሆን ካረንቱ፣ ማለትም የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ በሚሊአምፔር ይለካል። በፕላስ በኩል ያለው ሽቦ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ብር ይለቃል። ምን ያህል እንደሚለቅ የሚወስነው ያለፈው ካረንትና የቆየበት ጊዜ ነው፤ 1 ሚሊአምፔር ለ1 ሰዓት ካለፈ ቢበዛ 4 ሚሊግራም ያህል ይወጣል።

ካረንቱ ግን ባለበት አይቆምም። ሦስት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ቀጥሎ መሀል ላይ ካረንት የሚለካ ቴስተር ያስገባ ሰው ያየዋል፤ ዲስቲልድ ውሃ (እንፋሎቱ ተሰብስቦ የተጣራ ውሃ) ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያሳልፍ ቁጥሩ ከታች ይነሳል፣ ብሩ ሲሟሟ ውሃው ማሳለፍ ይጀምራል፣ ቁጥሩም ይወጣል፣ ካልገደቡት ሽቦው ላይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር ይንጠለጠላል፣ ውሃው ቢጫ ከዚያም ግራጫ ይሆናል። ካረንት የሚገድበው ሬዚስተር የሚገባው ለዚህ ነው። በ27 ቮልት ላይ ባለ 27 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከገባ ካረንቱ ከ1 ሚሊአምፔር አያልፍም።

የድሬ የቧንቧ ውሃማ ጭራሽ አይሆንም። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር የማያውቅ የለም። ማዕድኑ ካረንቱን ያንረዋል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ከብሩ ጋር ተያይዞ ውሃውን ያደፈርሰዋል።

ሐረር ደግሞ ከአያት ሣጥን የወጣ ማርያ ቴሬዛ የሚነክሩ አሉ። ኧረ ተዉ! እሱ ከ1000 እጅ 833ቱ ብቻ ነው ብር፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው፣ አብሮ ይሟሟል። ቅርሱም ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ እስከ 0.1 ሚሊግራም ብር ቢኖር ለጤና አያሰጋም ይላል። 1 ሊትር ውሃ ላይ በዚያች በ1 ሚሊአምፔር እዚህ ልክ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል። ሰዉ ግን ለሰዓታት ነው የሚያቆየው! ስለዚህ «ትክክለኛው ካረንት ስንት ነው?» ለሚለኝ መልሴ፣ ለሚጠጣ ነገር ትክክለኛ ካረንት የለውም ነው።

ብር ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ቆዳን ሰማያዊ ግራጫ ያደርጋል። አርጂሪያ ይባላል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ የኮሎይዳል ሲልቨር ምርቶች ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም አልተረጋገጠም ብሏል። ብር ለሕክምና አይውልም እያልኩ አይደለም። ለቃጠሎ የሚቀባ ብር ያለበት ክሬም አለ፤ እሱ ግን ላይ ላዩን ነው የሚቀባው፣ ሐኪምም ነው የሚያዘው።

አንዳንዱ ሻጭ ጠርሙሱ ላይ ሌዘር አብርቶ «ጨረሩ ታየ አይደል፣ ሠርቷል ማለት ነው» ይላል። ጨረሩ የታየው ውሃው ውስጥ ደቃቅ ነገር ስላለ ነው። ስለ ፈውስ የሚናገረው ነገር የለም።

በጣም የሚያሳስበኝ ታይፎይድ ይዞት አንቲባዮቲኩን አቁሞ ይሄን የሚጠጣ ሰው ነው። ጎን ለጎን የሚወስደውም አልዳነም፤ ብሩ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችንና የእንቅርት መድኃኒትን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያደርጋል። አዘጋጆች፣ እባካችሁ አንድ የፋርማሲ ባለሙያ አናግሩና በሚቀጥለው እትም አውጡልን። እኔ ስለ ካረንቱ እንጂ ስለ መድኃኒቱ ስናገር የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው።

የድሬዳዋ አንባቢያችሁ