የዳርቻ ሰፈር ተማሪ ምሽቱን የት ያሳልፍ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከከተማ መሀል ርቀው ስለተተከሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነገር ደጋግመው የሚነሡት የመሬቱ ስፋትና የመንገዱ ርዝመት ናቸው። ተማሪው የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ከወጣ በኋላ እስኪተኛ ድረስ ያለውን ጊዜ የት፣ ከማን ጋርና በምን እንደሚያሳልፈው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዳርቻ ሰፈር ለተማሪ ሕይወት አይመችም የሚለውን የተለመደ አስተያየት አልቀበልም፤ እንዲህ ያለውን ሰፈር የሚያደኸየው ርቀቱ ሳይሆን፣ ተቋሙን የሚያቅዱ ሰዎች የተማሪውን ምሽት ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ነው።

ይህን በግልጽ ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ በፓሪስ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የናንቴር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ቀድሞ የአየር ኃይል በነበረ መሬት ላይ፣ ስደተኛ ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው የደሳሳ ጎጆ መንደሮች አጠገብ፣ ግንባታው ገና ሳያልቅ ለተማሪዎች ተከፈተ። የመማሪያ አዳራሽና ማደሪያ ነበረ፤ ተማሪ ተገናኝቶ የሚጫወትበት ቦታ ግን እምብዛም አልነበረም፤ የማደሪያው ደንብም ወንዶች ወደ ሴቶች ሕንፃ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። በጥር 1968 የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስትሩ አዲሱን የመዋኛ ገንዳ ለመመረቅ በመጡ ጊዜ ከተማሪ የገጠማቸው ምስጋና ሳይሆን ሙግት ነበር፤ በመጋቢት 22 ደግሞ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንፃ ያዙ። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ የተከተለው ነውጥ ብዙ መንስኤ እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም ተማሪው ሐሳቡን ሳይጠየቅ፣ ዘግይቶ፣ ከላይ የተሰጠ መዝናኛ የጎደለውን ኑሮ እንደማይተካ የናንቴር ታሪክ ያስረዳል።

በፊንላንድ ከሄልሲንኪ ወጣ ብሎ በኤስፖ የሚገኘው ኦታኒዬሚ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በዚያ የተማሪዎች መንደር የተሠራው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንፃዎች ከመቆማቸው በፊት ነበር፤ በ1952ቱ ኦሎምፒክም የተወሰኑ ቡድኖች ስፖርተኞች አርፈውበታል። በ1966 ደግሞ ዲፖሊ የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ሕንፃ ተከፈተ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) እዚያ የደረሰው በ2017 መሆኑ ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ባቡር ሳይኖር የተማሪው ሕይወት በአካባቢው ሥር ሰድዶ ኖሯል፤ ምክንያቱም ተማሪው የራሴ የሚለው፣ እርሱ ራሱ የሚያስተዳድረው ቤት ነበረው።

ትራንስፖርት ሲሟላ ችግሩ ይቃለላል ለሚሉም የቶኪዮን ዳርቻ ማየት ይጠቅማል። ቹዎ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ወደ ሃቺዮጂ ተዛወረ፤ በ2000 ሞኖሬል የተባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር እስከ ደጃፉ ደረሰለት፤ ይሁን እንጂ የሕግ ፋኩልቲው በ2023 ወደ መሀል ከተማ ተመልሷል። ባቡር ብቻውን አላቆየውም።

ይህን ስል መጓጓዣን ማቃለሌ አይደለም። የመጨረሻው አውቶቡስ በጊዜ የሚሄድ ከሆነ፣ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማረው ወጣት ከቲያትር ልምምድም፣ ከክርክር ክበብም፣ ከጨዋታም ይቀራል፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኝነት የሚመሠረተውም በአብዛኛው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ከማደሪያ እስከ ቤተ መጻሕፍት ያለው መንገድ ጨለማ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚታሰሩት ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ ለእነርሱ መብራት የመዝናናት ነፃነት መነሻ ነው።

የዳርቻ ሰፈር መሀል ከተማ በገንዘብ እንኳ የማይገዛው ሀብት አለው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ድምፅ የሚረብሸው ጎረቤት ጥቂት በመሆኑ ሙዚቃ መለማመድ ይቻላል፤ የቤት ኪራይም ብዙውን ጊዜ ከመሀሉ ይቀላል። ነዋሪውም አለ፤ በግቢው አጥር ምክንያት ከተማሪው ተለይቶ የሚኖር፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ያጣ ነዋሪ። የግቢው ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ ልጆች ቢከፈት፣ ተማሪዎችም ውድድሩን ቢያዘጋጁ፣ የሁለቱም ወገን የዕረፍት ቀን ይሞላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በር የሚከፍት ሰውና የጋራ መርሐ ግብር እንጂ አዲስ ሕንፃ አይደለም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች ምሽት ላይ ባዶ የሚውሉ ክፍሎችን ቁልፍ ለተማሪ ማኅበራት እንዲሰጡ፣ የከተማ አስተዳደሮችም የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ከተማሪዎች ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም በዳርቻ ሰፈር የሚኖሩ ተማሪዎች ምሽታቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ራሳቸው የሚጽፉበት ዓምድ ቢከፍትላቸው ደስታዬ ታላቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ