አባዬ፣ የእህቶችህን ነገር ልጠይቅህ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ይሄን ነገር ሳነሳ ቶሎ ወሬ ስለምትቀይርብኝ፣ ጽፌ ብልክልህ ይሻላል ብዬ ነው።

ሐኪሟ የሰጠችኝ የቤተሰብ ታሪክ ፎርም እስካሁን አላለቀም። የእማዬ ወገን ሞልቷል። ባንተ ወገን የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሁለቱን አክስቶቼን ጻፍኩና «በስንት ዓመቷ ታመመች?» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። አንተ ደግሞ «የጡት ነገር በእናት ነው የሚመጣው፣ በእናትሽ በኩል የለም፣ አታስቢ» አልከኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ግማሹ ጂኔ ካንተ ነው የመጣው። አባት ራሱ ምንም ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የአባት ወገን እኩል ይቆጠራል።

በዘር የሚመጣው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው የሰማው ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የሚባሉትን ጂኖች ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ክሮሞዞም 17 ላይ እንዳለ አሳየች፤ ጂኑ ራሱ በ1994 ተገኘ። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ጉዳት ይዘው ከተወለዱ 100 ሴቶች 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ የጡት ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። ከባድ ነው፤ ግን ብርቅ ነው። ከጡት ካንሰር ሁሉ እንዲህ ባለ ኃይለኛ የዘር ጉዳት የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። ዘረመላችን ውስጥ አንዱ ሰው አንድ ፊደል፣ ሌላው ሰው ሌላ ፊደል የሚይዝባቸው ቦታዎች አሉ። በሽታ አይደሉም፤ ተራ ልዩነቶች ናቸው። በ2007 ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችንና ጤነኞችን አነጻጽረው አንዳንዶቹ የጡት ካንሰርን ዕድል በትንሹ ከፍ እንደሚያደርጉ አገኙ። ኤፍጂኤፍአር 2 በሚባለው ጂን ላይ ያለው አንዱ ነው። አንድ ቅጂ የያዘች ሴት ዕድሏ በሩብ ያህል፣ ከእናትም ከአባትም ሁለት ቅጂ የወረሰች ደግሞ በ60 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንዱን ይዘውታል፤ አብዛኞቹም ምንም ሳይሆኑ ያረጃሉ።

ዛሬ የሚታወቁት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ200 በላይ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ለየብቻ ሲሆኑ አይከብዱም፤ አንድ ሰው ላይ ሲከማቹ ነው የሚከብዱት። አሁን ተደምረው በነጥብ ይሰላሉ። ጥናቱ በብዛት የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ስለሆነ ግን እኛን በመሰሉ ሰዎች ላይ ነጥቡ እንደዚያ አይሠራም። እኔም ለጊዜው እሱን አልፈልገውም።

አክስቴ «ከኔ ቤት ነው የመጣው እያለ ይብሰለሰላል» አለችኝ። ኧረ አባዬ! ማን መርጦ ያወርሳል? አንተም የተቀበልከውን ነው ያቀበልከው፤ እሱንም ማቀበልህ ገና አልታወቀም።

አሁን ወደ ልመናዬ። ታላቋ አክስቴ ስትታመም ዕድሜዋ ስንት ነበር? ከ50 በፊት ከሆነ ሐኪሟ ለየት አድርጋ ታየዋለች። ሕመሙ በአንድ ጡት ነበር ወይስ በሁለቱም? በቤታችሁ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ይዟት የነበረች ሴት አለች? ወንዶቹንም አትርሳ፤ አጎትህ በፕሮስቴት ነው የሞቱት ሲባል ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ታናሿን አክስቴን አንተ አነጋግርልኝ። የጂን ምርመራ ሲደረግ ከታመመው ሰው ቢጀመር ይመረጣል። እሷ ላይ ጉዳቱ ከተገኘ እኔ ላይ የሚፈለገው ነገር ይታወቃል፤ እኔ ከሌለብኝም ከዚያ ከቤታችን ጉዳት በእርግጠኝነት ነፃ ነሽ ልባል እችላለሁ። እሷ ሳትመረመር የኔ ብቻ «ምንም አልተገኘም» ቢል ግን ብዙም አያሳርፈኝም። እኔ ብጠይቃት የምታስጨንቃት ልጅ እሆናለሁ፤ አንተን ግን እምቢ አትልም።

ሦስተኛው የራስህ ነው። ቢአርሲኤ 2 ወንድ ላይ የፕሮስቴት ካንሰርን ዕድል ይጨምራል። እሷ ላይ ከተገኘ አንተም ትመረመራለህ፤ «በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል» የምትለውን አልሰማም።

ቀጠሮዬ የወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱን በትክክል ካላስታወስክ «እንትና ከተወለደ በኋላ» ብትለኝም ይበቃል፤ እኔ እደርስበታለሁ። እሁድ ማታ እደውላለሁ፤ ወሬ እንዳትቀይርብኝ።

ልጅህ